ሰባት ከአሥር

ጌሙ ደርሶኛል፣ ገና ለሰው ሳይሸጥ፤
ፈርሜያለሁ ደግሞ፣ ትንፍሽ ላልል በውል፣ ከአፌ እንዳያመልጥ።
ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው እገዳው የሚነሳው፤
እስከዚያ አርባ ሰዓት ተጫውቼ ልጨርሰው።

ሞንትሪያል። ጥር ነው።
ደረጃው ከውጭ ነው፣ ጠመዝማዛ ብረት፣ በረዶ ያዘለ፤
ራዲያተሩ ሌሊት ሲያንኳኳ ያድራል፣ «ክፈቱልኝ» እንዳለ።
እኔ ግን ፈረስ ላይ ነኝ፤ ውሃ የበላውን አገር አቋርጣለሁ፤
«ዘጠነኛው ጎርፍ» ይላል ርእሱ፤ ስምንቱን አላውቅም፤ እጋልባለሁ።

ፈረሱ ጉድ ነው።
በደህና ሲጋልብ ቆይቶ፣ ሳይታሰብ ግድግዳ ውስጥ ይሰምጣል፤
ጭራው ብቻ ከጡቡ መሀል ዝንብ ሊያባርር ይወጣል።
አንድ ንጉሥ አለ፣ ሞቶ ተቀብሮ ትእዛዝ የሚሰጥ፤
አንዲት መበለት አለች፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር ዐሥር ጊዜ የምታላምጥ።
ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦ «ታሪኩ ላላ። ውጊያው ደህና። ፈረሱ፣ ምን ልበል?»
ከሥሩም «ሰባት ከአሥር»፣ ሁለቴ አስምሬ፣ እጄ እንዳይዋልል።

ይቺ ሰባት ደግሞ ብቻዋን አታድርም።
ከሌሎች ነጥብ ጋር ተደምራ፣ ተካፍላ፣
አማካዩ ሰማንያ አምስት ካልሞላ፣
ለሠሩት ልጆች ቦነስ የለም አሉ።
ድሮ አሥራት ገማች ነበር ይላሉ፣ ከበቅሎው ሳይወርድ
ማሳውን በዓይኑ ለክቶ፣ «ይህን ያህል ቁና» ብሎ የሚፈርድ።
እኔም ከፈረሴ አልወረድኩም።

ቅዳሜ ማታ ልብስ ላጥብ ምድር ቤት ስወርድ፣
ኖኤሚ ማድረቂያው ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ካርቶን፣ ኪቦርድ፣
በኩባያ የተተከለ ቁልቋል።
«ትናንት ጠዋት» አለች፣ «በአንድ ኢሜይል መቶ ዐርባ ሰው።
‹ውድ ቤተሰባችን› ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻው ‹የበር ካርድ መልሱ› ነው።»
«ምን ትሠሪ ነበር?»
«ዝናብ።
ሁለት ዓመት ተኩል። ጎርፉ የሌላ ሰው ነው፤ የእኔ ዝናቡ፣
ከጣራ ጫፍ የሚንጠባጠበው፣ ጠቡ፣ ጠቡ።»
ገምጋሚ መሆኔን ታውቃለች። ቀና ብላ፦
«ድልድዩ ላይ ቆመሃል? ሁለተኛው መንደር፣ ሲመሽ?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ውሉ ነው ብላ ተወችኝ።
ውሉ አልነበረም። በድልድዩ በግልቢያ ነው ያለፍኩት።

ወደ ላይ ተመለስኩ። ፈረሱን አሰርኩት፤
ግድግዳ ውስጥ ገባ፤ ተውኩት።
በእግሬ ሄጄ ቆምኩ። ተልእኮ የለም፤ የሚገደል የለም፤ የሚለቀም ሳንቲም የለም።
ዝናቡ መጣ፤ መጀመሪያ ሸንበቆው ላይ፣ እንደ ሐሜት፣ ቀስ ብሎ፣
ከዚያ በቆርቆሮው፣ ሽምብራ እንደተዘረገፈ።
ጠብታ ከጣራው ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ይወፍራል፤ ያመነታል፤
ጎረቤቱን ጠብቆ፣ ሁለት ሆኖ አንድ፣ ይወርዳል።
አንድ ውሻ፣ ማንም ያላዘዘው፣ በረንዳ ሥር ገብቶ ተራገፈ።
ታች ማሽኑ ቆሞ፣ ልብሴ እርጥብ እንደሆነ ቀዘቀዘ።

ጌሙን ጨረስኩት። የሠሪዎቹ ስም ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይወርዳል፤
የሕግ አማካሪው አለ፤ የሥራ አስኪያጁ ድመት እንኳ በስሟ ተጠርታለች።
እስከ መጨረሻው፣ እስከ ጥቁሩ ድረስ ጠበቅሁ።
ኖኤሚ የለችም።

ስለ ዝናቡ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ።
ቶሮንቶ ያለው አዘጋጄ ዊልፍሬድ ቆረጣት፦ «አንባቢ ፈረሱን ነው የሚፈልገው።»
ነጥቡን ግን አልነካሁትም። ጨምር ጨምር አለኝ ልቤ፤
ዝናብ ፈረስን ከግድግዳ አያወጣም።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ።
ደረጃው ላይ አካፋ ይዛ በረዶ ትዝቃለች።
«አነበብኩት» አለች፤ ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ወጣ።
«ሰባት? እጅህ ደግ ነው። እኔ ብሆን ስድስት እሰጥ ነበር።
ያን ፈረስ እኮ ነግረናቸዋል፣ ገና አምና በጥቅምት ወር።»