የግርጌ ማስታወሻ

ሳልሚያ፣ ስምንተኛ ፎቅ፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፤
የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ ተማሪ ነኝ በከፊል።
ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። ማሽኑ አንሶላ ያሽከረክራል፤
ስልኬ፣ ዘጠኝ በመቶ የቀረው፣ ምዕራፍ ሁለቴን ያበራል።
«ትዝታና ማንነት» ይላል፤ ርዕሱ ገና አልጸደቀም፤
ማራዘሚያው ነሐሴ ያልቃል፤ ሌላ አልጠይቅም።
ዶክተር ልሳነወርቅ በቀይ፦ «ሳንቃው አንድ በአንድ ተለውጦ
ያለቀ መርከብ ምን ያደርግልሻል?
ከምታውቂው ጀምሪ፤ ምሳሌ ከጎንሽ ይገኛል።»

ከጎኔ? ከጎኔ ኦሞ ነው፣ የእሙ ፈይሰል ካልሲ ነው፤
ከመስኮቱ ወዲያ ሙቀት ነው፣ ከሙቀቱ ወዲያ ባሕር ነው።

የመጣሁ ቀን፣ አየር ማረፊያው፣ ሠላሳ ሴት በአንድ መስመር፣
መኮንኑ በየተራ «ከፊልሽ ማነው?» ይል ነበር።
ሳቄ መጣ። ብቻዬን። «ምን ያስቃል?» አሉኝ።
በኛ ቋንቋ ግማሽ ማለት ነው ብል ማን ሊሰማኝ?
ደግሞ ሌላ አሰብኩ፣ ሰልፉ ሲጎተት፦
እኔ በከፊሌ ከቆምኩ፣ ከፊሌም ከፊል ካለው፣
ከፊል የሌለው የመጀመሪያው ከፊል፣ እሱስ በማን ስር ነው ያለው?
ክፍል ውስጥ ብሆን «ኤ» ነበር።
ያን ቀን ያገኘሁት ማኅተም ነው።

እሙ ፈይሰል ሌሊት ትነቃለች። «ሚኑ እንቲ?» ትላለች፤ ማነሽ?
አንድ ሌሊት እህቷ ሙኒራ ነኝ፣ አንድ ሌሊት ሌባ፣
አንድ ሌሊት ወደብ ላይ አብሬያት የቆምኩ፣
ዕንቁ ጠላቂ አባቷ ባሕር ሲገባ።
ሰውን አንድ የሚያደርገው ትዝታው ነው ብያለሁ፣ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ፣ አስረግጬ።
እሷ ግን ሁሉን ረስታ
ሽንኩርት ስትጠላ ያው ናት፤
ስትስቅ አፏን በእጇ ስትሸፍን፣ ያው ናት።

ትናንት ተነሥታ ተቀመጠች። «አብላ» አለችኝ፤ መምህርቷ መስያት።
መዳፏን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች።
«አላጠናሁም።»
ስንት ዓመት ተሸክማው ይሆን ይህን ጥፋት?
ማስመሪያ የለኝ፤ ክሬም ነበር፣ መዳፏን ቀባሁላት።
«እኔም አላጠናሁም» አልኳት በአማርኛ።
ሳቀች። አፏን ሸፍና።

ይህን የት ላግባው ዶክተር? ከየትኛው አንቀጽ በታች?
በትንሽ ፊደል፣ በቁጥር፣ ከገጹ ግርጌ ብትገባ
እግሯ ውጭ ይቀራል።
ልሰርዘው አስቤ ነበር፣ ገጽ ዐሥራ አራትን።
አልሰረዝኩም። ጎኑ ላይ «ሽንኩርት?» ብዬ ጻፍኩ።

ማሽኑ ሦስቴ ጮኸ።
ስልኬ ጠፋ፤ በጨለማ እርጥብ አንሶላ አቅፌ ቆሜያለሁ።
ከመኝታ ቤቱ፦ «ሚኑ እንቲ?»

መጣሁ፣ መጣሁ እማማ፤
እያሰብኩበት ነው።