የግራ ኪስ

«ቀረጥ ቀረ» ሲባል ዲኔዎ መጣች፣
ከማሉቲ ወርዳ ማፑትሶ ገባች።
ሰባት ዓመት ሙሉ የግራ ኪስ ሰፋች፤
ሱሪው ሙሉ ሆኖ አንድ ቀን አላየች።
ቀኙ የንትስዋኪ፣ ዚፑ የሌላ ሴት።

ባሕር ማዶ፣ በረዶ ላይ፣ አንድ መንገደኛ
ግራ እጁን ያሞቃል በዲኔዎ ስፌት፤
ስሟን አይጠይቅም። ምን ብሎ ይጠይቅ?

መስከረም፣ ኮክ ሲያብብ፣ የውሉ ቀን አለቀ፤
የሚያድሰው እጅ እዚያ ማዶ ዘገየ።
አለቃው ከበሩ ስም ሲጠራ ዋለ፣
ለሚገቡት ሳይሆን ለሚወጡት።

«ቀረጥ መጣ» ሲባል ዲኔዎ ቀረች።

ከሽርጧ ጋር አንድ ቁራጭ ይዛ ወጣች፣
ሰማያዊ፣ ሱሪ የሌለው ኪስ።
የታክሲ ሳንቲሟን ከተተችበት—
ጀርባ የለው፤
ተንከባለለ፣ አስፋልቱን ይዞ፣ ወደ ድንበሩ።