አራት ሜትር ከሠላሳ

ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጫፉን ያቺ ወጣት ፖሊስ፣
ከመኝታ ቤቱ ደፍ እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ።
አራት ሜትር ከሠላሳ።
ጻፍኩት በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንዳይረሳ።

ቪንያይስ፤ ኅዳር ነው። ካስታኛ የሚሉት ፍሬ ከዛፉ ረግፎ፣
በየጆንያው ታጭቆ፣ ኮሪደሩን አጣቦ፣ ተሰልፎ።
ቤልሚሮ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግራ ጆሮው አይሰማም፤
በቀኙ የሰማው ግን መስታወት ሲሰበር ነው፤ ንፋስ አይደለም።
«ማነህ?» አለ አንዴ። «ማነህ?» አለ ደግሞ።
ጨለማው አልመለሰም፤ ተጠጋ እንጂ፣ እንደ ሰው ቆሞ።

አንድ ጥይት።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤
ቤትህን ጠብቅ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ልክህን!» ሲል እሰማለሁ።
ጥቃቱ የአሁን ይሁን እንጂ የትናንት ቂም አይደለም፤
ሌባ ጀርባውን ከሰጠ ወዲያ ጥይት መከላከያ አይባልም።

ስለዚህ ጠየቁኝ፦ ፊቱ ወዴት ነበር? ደረቱ ነው? ጀርባው?
«ጎኑ» አልኩ። «ጎኑን ነው የመታው።»
ጎን ማለት፣ ክቡርት ዳኛ፣
መምጣትም ነው፣ መሄድም ነው፤ ወይም ያልወሰነ ሰው ነው፣ እንደ እኛ።

ኤልደር ይባላል ሟች። የያዘው የእጅ ባትሪ ነው፤ መዶሻ ይመስላል በጨለማ።
ቤልሚሮ ራሱን ነቀነቀ፤ በየትኛው ጆሮው እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ሰማ።

«በሩን ቆልፎ ለምን አልጮኸም?» ሲል ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀ።
ለማን ይጩኽ? ጎረቤቱ ፓሪስ ሄደ፣ ሊዝበን ሄደ፤ ቀሪው መቃብር ገባ፤ አለቀ።

ዳኛዋ አነበበች፦ «ከልክ አልፏል፤ ያሳለፈው ግን የማያስወቅስ ፍርሃት ነው፤
ሕግ ይህን አይቀጣም።» መነጽሯን አወለቀችው።
ፍርሃት! ለእሱ የሚሆን ሜትር በቦርሳዬ የለም፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ክንድ እንደሚረዝም አላውቅም።

በየካቲት ተመለስኩ፤ ጠመንጃውን ላስረክብ፣ በደረሰኝ።
«ይፈርሙ» ስለው እጁን ኪሱ ከተተ። «አንቺው ጋ ይቀመጥ» አለኝ።
አልጋው በቦታው የለም፤ ወጥ ቤት ገብቷል፣ ከምድጃው ጎን።
«ኮሪደሩን አላልፈውም፤ በውጭ እዞራለሁ፣ ዝናብም ቢሆን።»

ቤቱ የእሱ ነው፤ ሕግ አጽንቶለታል አራቱንም ግድግዳ።
ስወጣ ግን አየሁት፣ ዞሮ መጥቶ፣
የገዛ በሩን ሲያንኳኳ፤ እንደ እንግዳ።