የቃሬዛ መዞሪያ

ንድፉን በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣
ከሆጤ ቁልቁል ወረድሁ የሐምሌን ጭቃ ረግጬ።
ጦሳን ጉም ውጦታል፤ ከተማው ግማሹ የለም፣
ያለው ግማሹም ቢሆን መንጠባጠብ አላቆመም።

በቀበሌው አዳራሽ፣ በላስቲክ ወንበር ላይ፣
ሠላሳ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው ሳይ፣
ጉሮሮዬ ደረቀ።
ወረቀቱን ዘረጋሁ።
«አምስት ፎቅ ነው» አልሁ፣ «ኪራዩ ከጡረታችሁ
ከሲሶ አያልፍም» አልሁ፣
«ጡረታ የሌለው ደግሞ እንደ አቅሙ» አልሁ፤
«አንዳንድ ክፍል፣ ሽንት ቤት ከነውሃው…»
ማንም አላጨበጨበ፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ነው ያጨበጨበው።

ጋሽ ሙሔ ተነሡ፤ ሠላሳ አራት ዓመት
ደብዳቤ ያደረሱ ከፒያሳ እስከ ሮቢት።
የሰውን በር ሁሉ በቁጥር ያውቁታል፤
የእሳቸው በር የማን እንደሆነ ግን አከራያቸው ያውቃል።
«ልጄ፣ አምስተኛው ላይ ማን ሊወጣው ነው?
የእኔ ጉልበት ያለቀው እዚሁ ዳገት ላይ ነው።
ሊፍት አለው?»
«በጀቱ…» አልሁ።
«ገባኝ» አሉ። በጀት የሚሉትን ቃል
ከእኔ ይልቅ እሳቸው ኖረውታል።

ከኋላ ረድፍ እትዬ ከድጃ፣
ከኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ጡረታ የወጡ፣
ጆሯቸው ማሽኑ ዘንድ ግማሹ የቀረ፣
ድምፃቸው ግን እንደ ክር ከዓመት ዓመት የከረረ፦
«መሐንዲስ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ስንት ነው ስፋቱ?»
«ሜትር ከሃያ።»
«ቃሬዛ ያዞራል?»

ዝም አልሁ።
ዝናቡም ዝም ያለ መሰለኝ።

«ዝናሽን ከሦስተኛ ፎቅ ሲያወርዷት አየሁ፤
እንደ ቁም ሳጥን አቁመው፣ አዘንብለው፣ ‹ቀስ! ወዲህ!› እያሉ።
አፈርሁላት።
እኔ ሽመና ክፍል ዕድሜዬን ቆሜ ነው የሠራሁት፤
ስሞት እንኳ ጋደም ብዬ ልውጣ ከቤት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖ አለቀ።

ጋሽ ሙሔ ያን ጊዜ ጃንጥላቸውን አነሡ፣
ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፣ ንድፌን አስደገፉት በእሱ።
«ይህ ዳገቱ ነው። አንተ ቆርጠህ ሜዳ ልታደርገው፤
ተወው!
ደሴ ላይ የላይኛው ሰው ደጅ የታችኛው ጣሪያ ነው።
ለአምስቱም ፎቅ ከኋላ በር አውጣ፣
ሁሉም ከየመንገዱ ይግባ፣ በየመንገዱ ይውጣ።
ከታች አስፋልት አለ፤ ከላይ ኮብልስቶን፤
መሃሉን ደግሞ ማንም አላሠራውም፣
እኔ ነኝ በእግሬ ያወጣሁት ደብዳቤ ሳመላልስ።
ዳገቱ ራሱ ሊፍት ነው።»

ያን ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።
ኮምፒዩተሬ የአልጋ ምልክት አለው፣ የመኪና አለው፣
የዛፍም አለው፤ የቃሬዛ ግን የለው።
ሁለት ረጅም መስመር ሳልሁ፣
አራት ሰው በነጥብ አስያዝሁ፣
በየመታጠፊያው አዞርኋቸው።
ሲነኩ ግድግዳውን ገፋሁ፤ ሲነኩ ገፋሁ፤
ከየክፍሉ አንድ ጣት፣ ከበረንዳው አንድ ክንድ ወሰድሁ።
አምስት በር ከዳገቱ ጋር አጋጠምሁ፣
ደፍ የሌለው፣ ጫማ የማያደናቅፍ።

መዝገቡ አሁን ቢሮ ነው። ‹ይታይ› ተብሎበታል፤
‹ይታይ› ያሉት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል።

ማክሰኞ ለት ሰኞ ገበያ፣ ሽንኩርት ሲመርጡ፣
እትዬ ከድጃ ከሩቅ አዩኝና ጮኹ፦
«ሰፋ?»
«ሰፍቷል።»
«ስንት?»
«ሜትር ከሰማንያ።»
የያዙትን ሽንኩርት አስቀመጡ።
ከክርናቸው እስከ ጣታቸው፣ አየሩን እንደ አቡጀዲ
ለኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ሰው ገፍቶን አለፈ፣ ጋሪ አለፈ፣
እሳቸው ጫፉን በጣታቸው ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ይበቃል» አሉ።
«መጀመሪያ ግን አልጋዬ ይግባበት።»