ማሳው የት ነው?

ሞንታና ሰሜኑ፣ ነሐሴ ሲያበቃ፣
ገለባው ሲደርቅ፣ ነፋሱ ሲነቃ፣
ኦርቪን ደወለልኝ፦ «ቴስተርሽን ይዘሽ
ብቅ በይ በጠዋት፣ ሥራ ካልያዘሽ፤
ተሳቢው ፍሬን የለው።» ስልኩን ጠረቀመው።
ሰላም አይልም እሱ፤ ቃል ነው የሚያደክመው።

መኪናው ከመጋዘን አፍንጫውን አውጥቶ
ጸሐይ ይሞቃል፣ እንደ ጡረተኛ ተጎልቶ፤
አሥር ጎማ፣ ጠፍጣፋ ግንባር፣ የወታደር ቀለም፣
በሩ ላይ ነጭ ኮከብ፣ ብቅ ሲል፣ ደግሞ ጨለም።
ከጎኑ ሳጥን ውስጥ ሁለት ባትሪ ተከታትለው
ሃያ አራት ቮልት ያወጣሉ፣ ጉልበታቸውን አዳብለው፤
የተሳቢው ፍሬን ግን አሥራ ሁለት ነው የለመደው፤
ከዚያ በላይ ቢሰጡት ራሱን ነው የሚያነደው።

«ምን ችግር አለው?» አለ። «ከአንደኛዋ ባትሪ ቅጂ።»
«አይሆንም፣ ኦርቪን፤ ጥንድ ናቸው እንጂ፤
ከአንዷ ብቻ ስትቀዳ፣ ስትቀዳ፣ ስትቀዳ፣
ያቺ ውስጥ ውስጡን ታልቃለች፣ ሌላዋ ትፈላለች ያለ ዕዳ፤
ቻርጁ ለሁለቱም እኩል ነው፤ አያይም ማን እንደተጎዳ።»

ዝም አለ። ሚስማሩ ላይ የሄድቪግ ጓንት አለ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ እዚያው እንደተንጠለጠለ።

«እሺ» አለ በስተኋላ፣ ወደ ውጭ ዞሮ።
ቮልት የሚያወርደው ሳጥን ከዳሽቦርዱ ሥር ታስሮ፣
ሰማያዊው ሽቦ በሻንሲው ጥግ ተሰውሮ
ጭራው ድረስ ወረደ። ከስቶፑ መስመር በሪሌ ቀዳሁ፤
ጀርባዬን ጠጠር ወጋው፤ በካቻቪቴ ጣቴን ተጎዳሁ።

«ርገጥ!» አልኩት። ረገጠ። ጸጥ።
«ደግመህ!» ጸጥ።
ማግኔቱ ትንፍሽ አላለም፤
ፊውዙ ደህና ነው፤ ሽቦው ደህና ነው፤ የተበጠሰ የለም።

በሽቦ የሄደ ኮረንቲ በማሳ ነው የሚመለስ፤
መመለሻ ካጣ፣ መሄጃም የለው፤ አይንቀሳቀስ።
ስለዚህ ቴስተሬን ሻንሲው ላይ እየነካካሁ፣ ሳላስብበት፣
«ማሳው የት ነው?» ብዬ ጮህኩ፣ ከሥር እንደተኛሁበት።

ጥቂት ዘገየ። ከዚያ ጣቱን በመስኮቱ አውጥቶ
«ከአጥሩ ወዲያ ያለው ነበር፣» አለ፣ «እስከ ኮረብታው።
ባንኩ ወሰደው በሰኔ፣ ቆጥሮ፣ ለክቶ።»

«የሽቦውን ማለቴ ነው፣ ኦርቪን… የፍሬኑን።»
«ገባኝ፣» አለና ወረደ፤
ትናንት ያጠበቀውን አሳየኝ ብሎኑን።

ቀለም ላይ ነው የታሰረው፤ ብረት ነክቶ አያውቅም።
በካቻቪቴ ጫፍ ይፍቅ ጀመር፤ ፊቱ ላይ ምንም አይታወቅም።
አረንጓዴው ተላጠ፤ ከሥሩ አሸዋማ፤
አሸዋው ተላጠ፤ ከሥሩ የጫካ ጨለማ፤
ከዚያ ቀይ፣ የፋብሪካው የመጀመሪያ ሸማ፤
የነማን ዘመቻ እንደሆኑ ማን ያውቃል።
ከዚያ ብረት፣ ሳንቲም የምታህል፤ እንደ አዲስ ያበራል።

«እዚህ እሰሪው፣» አለ። አሰርኩ። «ርገጥ!» ረገጠ።
ማግኔቱ እምም… አለና ታምቡሩን ጨበጠ።

ከሰዓት አሮጌዋን ትራክተር ተሳቢው ላይ ጭነን
ወደ ጨረታው ወረድን፣ የወንዙን ቁልቁለት ይዘን።
አምና እዚህ ገፍቶት ነበር፤ የአፈር ጉብታ ነው ያቆመው፤
ዘንድሮ ፔዳሉን ሲነካ፣ ከኋላ ቀስ ብሎ የሚይዝ አለ፤
የራሱን ሸክም ራሱ ነው የሚሸከመው።

ድልድዩን ተሻግረን፣ መንገዱ ሜዳ ሆኖ ሳለ፣
ፊት ለፊታችን ላም እንኳ ሳትኖር፣
ረገጠ። ቆምን።
«ምነው?» አልኩት።
«ምንም። ይይዝ እንደሆነ ብዬ ነው።»
ሞተሩን አላጠፋም። በመስታወቱ ትራክተሯን አየ፣
የተላጠ መቀመጫዋን፣ ሄድቪግ በሽቦ የጠገነችውን መብራት።
ከተማው ሁለት ማይል ይቀረዋል።

«ይይዛል፣» አለ።
እግሩን ግን ቶሎ አላነሳም።