ሁለት ነጥብ

ማክሰኞ ማክሰኞ መቃኛ ቁልፌን ይዤ
ደረጃ እወጣለሁ፣ ከባሕር በሚነሣ ርጥበት ተይዤ።
ሐይፋ ተራራ ናት፤ ለሠራት ሰው ጎዳና አልበቃውም፣
ደረጃ ጨመረባት፤ ያንን መቶ ሰባት ሳልቆጥር አልወጣውም።
ወይዘሮ ኢርማ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፦
«ሌሊቱን አመማት፤ ላ ከቦታዋ ወርዳለች»
ትለኛለች፣ ዘመድ ሆስፒታል እንደገባበት ሰው፣ ድምጿን ሰብራ።

ሃርፕሲኮርዱ እግረ ቀጭን ነው፤ ነገረ ሥራው ስስ፤
መዶሻ የለውም፣ በላባ ጫፍ ቆንጥሮ ነው ክሩን የሚቀሰቅስ።
ሻራቭ ሲነፍስ ይደርቃል፣ ጭጋግ ሲገባ ያብጣል፤
ሃምሳ ዓመት ሐይፋ ኖሮ፣ አየሩ ዛሬም ይከብደዋል።

እኔ ቃኝቼ ስነሣ እሷ ትቀመጣለች።
«ስዊት ማለት፣ እንዳላማው፣ ይሄው የኛ ሕንፃ ነው» ትላለች፤
«አለማንድ ጀርመን ነው፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ፤
ኩራንት ፈረንሳዊ፣ እየሮጠ ደረጃ የሚስብ፤
ሳራባንድ በስፔን በኩል መጣች፤
በወጣትነቷ ባለጌ ነሽ ተብላ ተከልክላ ነበር፣ ስታረጅ ጨዋ ሆነች፤»
(እዚህ ላይ ለብቻዋ ሳቀች)
«ጂግ የደሴት ሰው ነው፣ ጫማው የሚያንኳኳ።
አራቱም በአንድ ቅኝት ያድራሉ፣ አንዱ የሌላውን አፍ ሳይለምድ።»
ከታች በሩ አጠገብ ያሉትን የፖስታ ሣጥኖች አሰብኩ፤
ስም በአራት ዓይነት ፊደል የተለጠፈባቸው።

«ማን ይጨፍርበታል ታዲያ?»
«ማንም። ጭፈራው ካለፈ በኋላ ነው የተጻፈው፣
ሰው ተቀምጦ እግሩ ሲያስታውስ።»
ዝም አልኩ። እኔ ባደግኩበት
ከበሮ እየተመታ ዝም ያለ ትከሻ
ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

ሳራባንድን ግን በጆሮዬ አይደለም ያወቅኳት፤ በደረጃው ነው።
ሦስት ምት ናት፤ ክብደቷ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፣ እዚያ ትዘገያለች።
ኢርማም ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እንዲያ ነው የምትወርደው፦
አንድ፣ እግር፤
ሁለት፣ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፤
ሦስት፣ ሌላው እግር ይደርሳል።
የገበያ ቦርሳዋን ይዤ ከፊቷ እየወረድኩ
ያንን ሁለተኛ ምት ስጠብቅላት፣
መጠበቅም ጭፈራ እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ቀን ገጽ ልገልጥላት ጎኗ ቆሜ
ከመስመሩ መሃል ነጥቦች አየሁ፤ ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ።
አምቦበር ትምህርት ቤት፣ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ፣
ነገር ሲያልቅ አራት ነጥብ እንድናኖር
መምህራችን በለምለም አርጩሜ ነው ያስጠናን።
ቆጠርኳቸው፤ አራት። አለቀ ብዬ ገለጥኩ።
እጄን ቸብ አደረገችው፦ «መልስ! ገና መሃል ነን!
ነጥቡ ድገም ይላል።
የመጀመሪያው ዙር ለጻፈው ሰው ነው፤ ሁለተኛው የኔ፣
ጌጡን የምጨምረው ያኔ።»

በኪስሌቭ ዝናብ ልጇ ከቤርሼቫ መጥቶ
ወሰዳት፣ ሊፍት ወዳለው፣ ደረጃ ወደሌለው የአረጋውያን ቤት፤
ሃርፕሲኮርዱ በበሩ አልወጣም።
በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ቃኘሁት፣
ለማን እንደሆነ ሳላውቅ፣
ላን ሦስት ጊዜ፣ እስክትረጋ።
የጂጉ ሁለተኛ ክፍል፣ ብላኝ ነበር፣ ዜማውን ይዘቀዝቀዋል፤
የወጣው ይወርዳል፣ የወረደው ይወጣል።

በሩን ቆልፌ ወረድኩ። ወደቡ ታየኝ፣ ክሬኖቹ ዝናብ ለብሰው፤
መቶ ሰባተኛው ላይ ብረቱን ጨብጬ ቆምኩ፣
ተነፈስኩ፣
ቁልፉን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩና
ተመልሼ ወጣሁ ፡