ሁለት ጣት

ሐረጎን ስወጣው፣ በግራው ጥምዝ ላይ፣
ሞተሬን ሳስተኛት፣ ጉልበቴ መሬት ሲያይ፣
ክርርር ይላል ብረት።
የእግሬ መርገጫ ነው፣ አስፋልት የሚልስ፣
ጨው እንዳገኘች ላም፣ በብረት ምላስ።

ትንሽ ናት ሞተሬ፤ መቶ ሃያ አምስት ናት።
ኋላዋ ላይ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ መድኃኒት፣
ከሳጥኑም በላይ ሁለት ከመነዳሪ፣
አንዳንዴም አክስቴ ጦይባ፣ ሒሳብ የማትከፍል ተሳፋሪ።
እና ሞላው ደክሞት ጀርባዋ ጎበጠ፤
ሆዷ ዝቅ ብሎ ጠጠር አላመጠ።

እብሬ ጋራዥ አለው፣ ከቦርከና ዳር፤
ጋራዥ ካሉት እንጂ አራት ቆርቆሮ ነው፣ አንድ የተነቀለ በር።
ተንበረከከና መርገጫውን ዳበሰ፣
እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ከሥር የተላሰ።
«ሐረጎ እኮ» አለኝ፣ «ሞረድ ነው ያለ ዋጋ፤
ዒድ ሲደርስ ቢላህን ይዘህ ውጣ፣ ለበጉ ሥጋ።»
ከዚያ ኮስተር አለ፦
«ሞተሯ አጭር አይደለች፤ አንተ ነህ የጫንካት።
ሞላው እጁን ሰጥቷል፤ ልጄ፣ ራርተህ እያት።»

ቀኑን ሙሉ ሠራ።
የመሃል መቆሚያውን ፈትቶ ወረወረው፣
ዓመት ያዞርኩት ብረት፣ አንድ ቀን ያላቆምኩበት ነው።
ሞላውን ጠምዝዞ ሁለት ጥርስ ጨመረ፤
ማርሚታውን ፈትቶ ወደ ላይ አሰረ፤
ለአሞርዛተሩ ጆሮ ላሜራ ቆረጠ፤
የመርገጫውን ክንድ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ሽቅብ አጎበጠ።
«ስንት ሆነ?» ስለው፣ ጣቱን ከሥር ሰዶ፣
«ሁለት ጣት» አለኝ፣ «ሁለት ጣት ከፍ አለች፤
አብሽር፣ አሁንማ ከጦሳ እኩል ሆነች።»

በማግስቱ ወጣሁ።
ያው ጉም፣ ያው ሲኖትራክ፣ ያው የገደል አፋፍ።
አስተኛኋት፤ ዝም።
ጨመርኩላት፤ ዝም።
ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ፣ አሞራ መሰልኩ በክንፍ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ካፊያ ጥሎ ነበር።
ደሴ ኢንሱሊን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ስልኬ ደረቴ ላይ ሲሸበር፣
አስተኛኋት፤ ዝም። ዝምታዋን አመንኩ።
የነካው ግን ያ የለመድኩት፣ ታጣፊው መርገጫ አይደለም፤
የማይታጠፈው ነው፣ የወገቧ አጥንት፣ ቀድሞ ሳይነግረኝ ምንም።
ኋላ ጎማዬን ካስፋልት አነሣው።

አልወደቅኩም።
እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልጠይቅም።
እግሬ መሬት መታ፤ መሪው ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤
ገደሉ ወደኔ መጥቶ፣ ፊቴን አየና፣ ተመልሶ ራቀ።

ኢንሱሊኑን አደረስኩ።
ሽማግሌው ተቀብሎኝ፣ «እጅህ ምነው በረደ?» አለ።

ሲመሽ ለእብሬ ነገርኩት።
አልሳቀም። ካቻቪቴውን አስቀመጠ።
«ያንን ክርክርታ ጠላት አድርገነው ነበር፤
ምላስ እኮ ነው ልጄ፣ ‹እዚህ ጋ በቃ› የሚል፣ የሚመክር።
እኔም አጠፋሁ፤
ከፍታ ሰጥቼህ፣
ዳሩን ሳላሳይህ።»

ከቆርቆሮ ጣሳ አንድ ጥርሱ የተበላ ቡሎን መርጦ፣
ከመርገጫዬ ሥር ቁልቁል በየደው፣ ጫፉን በመጋዝ ቆርጦ።
ለካው። አንድ ጣት ወረደ።
«አንዱ ጣት ያንተ ነው፦ ለጥምዙ፣ ለጭነቱ፣ ለጦይባ።
አንዱን ለመንገዱ መልስለት፤
እሱ ዝም ካለህ ቁልቁል አትግባ።»
ለብየዳው ከፈልኩ። ለምክሩ ሊቀበለኝ አልፈለገም።

አሁን ሐረጎን ስወጣ፣ በግራው ጥምዝ ላይ፣
ቡሎኗ ትነካለች፤
ቀጭን ናት ድምጿ፣ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ዓይነት፣
ነጭ መስመር ትጥላለች፣ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ።
እሰማታለሁ። ቀና እላለሁ።

«ምንድነው እሱ የሚጮኸው?» ትላለች ጦይባ፣ ወገቤን ጨምድዳ።
«እብሬ ነው» እላታለሁ።